አሽፎርድ ካስል በእርግጥ ስንት ዓመቱ ነው?

ኮሪብ ሐይቅ ዳር፣ ኮንግ ከምትባል መንደር አጠገብ አሽፎርድ ካስል አለ። ዛሬ 83 ክፍሎች ያሉት ቅንጡ ሆቴል ነው። ፎቶውን ያየ ሁሉ የሚያወራው አያጣም፤ ልክ የሆነው ግን ጥቂቱ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«እንግሊዝ ውስጥ ነው።» አይደለም፣ አየርላንድ ነው። ሒሳብም የሚከፈለው በዩሮ ነው።

«ግንቡ 800 ዓመት ሊሞላው ነው።» ዕድሜው የቦታው እንጂ የግንቡ አይደለም። በ1228 ደ ቡርጎ የተባሉ የአንግሎ ኖርማን (ከእንግሊዝ የመጡ የኖርማን ዘር) መሳፍንት እዚህ ምሽግ ሠሩ። በ1715 የብራውን ቤተሰብ በፈረንሳይ ሻቶ (የባላባት ትልቅ ቤት) መልክ መኖሪያ አከለበት። በ1852 ደግሞ ቤንጃሚን ሊ ጊነስ ገዛው። አዎ፣ የጥቁሩ ቢራ ጊነስ! እሱና በኋላ ሎርድ አርዲሎን የተባለው ልጁ አርተር ግንቡን አስፋፉት፤ ልጁ ደንም አስተከለ። ስለዚህ ዛሬ ፎቶ የምናነሳው አብዛኛው ማማና ግድግዳ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ሆን ተብሎ ጥንታዊ እንዲመስል የተሠራ። እኔም መጀመሪያ ተሸውጃለሁ።

«የነገሥታት መኖሪያ ነበር።» ካስልን «ቤተ መንግሥት» ብለን ስለምንተረጉመው ይመስለኛል። ወሬው ግን ጭራሽ መሠረት የለውም አይባልም። የአየርላንድ የመጨረሻው ታላቅ ንጉሥ ሮሪ ኦኮነር የሕይወቱን መጨረሻ ያሳለፈው ኮንግ ነው። ግን የኖረው ገዳሙ ውስጥ ሲሆን የሞተውም በ1198 ነው። ምሽጉ ሲሠራ ከሞተ 30 ዓመት ሆኖታል።

«ሆቴል የሆነው በቅርቡ ነው።» ከ1939 ጀምሮ ሆቴል ነው። የቅርቡ ሽያጩ ነው፦ ሬድ ካርኔሽን የተባለው የሆቴሎች ድርጅት በ2013 በ20 ሚሊዮን ዩሮ ገዛው።

«የኮንግን ቦይ ድርቅ አደረቀው።» እኔ የምወደው ይሄኛውን ነው። ቦይው የተቆፈረው አየርላንድን በመታው ታላቅ ረሃብ ዘመን፣ ማስክ ሐይቅን ከኮሪብ ጋር ለማገናኘት ነበር። ለተራበው ሕዝብ ሥራም ሆኖ ነበር። ችግሩ አፈሩ ሥር ያለው የኖራ ድንጋይ ነው። ስንጥቅጥቅ ስላለ ውሃ አይይዝም፤ መርከብ ሳያልፍበት ተተወ። የማስክ ውሃ ግን ኮሪብ መድረሱ አልቀረም። ከመሬት ሥር ሾልኮ ኮንግ ላይ ይፈልቃል፤ ከዚያ ወንዝ ሆኖ በግንቡ ድልድይ ሥር ያልፋል።