የሜክሲኮ የባህል ሚሲዮኖች

የባህል ሚሲዮን የሚባሉት በሜክሲኮ ከገጠር ገጠር እየዞሩ መምህራንን ያሠለጥኑ የነበሩ የባለሙያ ቡድኖች ናቸው። ስሙ የተወሰደው በ16ኛው ክፍለ ዘመን አገሬውን ሊሰብኩ ከመጡት የስፔን መነኮሳት ነው። እነዚህኞቹ ግን የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ፤ ይዘው የሄዱትም ፊደል፣ ሙያና ዜማ ነው።

ነገሩ የመጣው በ1910 እ.ኤ.አ. ከጀመረው የሜክሲኮ አብዮት በኋላ ነው። በ1921 እ.ኤ.አ. የትምህርት ሚኒስቴር ተቋቋመ፣ ሆሴ ቫስኮንሴሎስ ሚኒስትር ሆነ፣ በየገጠሩም ትምህርት ቤት መከፈት ጀመረ። መምህር ግን ከየት ይምጣ? ከተቀጠሩት ብዙዎቹ ራሳቸው ከአንደኛ ደረጃ ያላለፉ ነበሩ። ስለዚህ በኦክቶበር 1923 የመጀመሪያው ቡድን ኢዳልጎ ግዛት ውስጥ ወዳለችው ሳኩዋልቲፓን ወጣ፤ የአካባቢውን መምህራን ሰብስቦም ለሦስት ሳምንት ያህል የማስተማር ዘዴ፣ እርሻ፣ ሳሙና መሥራት፣ ቆዳ ማልፋት፣ ስፖርትና የኅብረት ዝማሬ አስተማረ። ክትባትም ይሰጥ ነበር።

እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። ዝማሬው ከሳሙናው ጋር እኩል ተቀምጧል። ሥልጠናው ደግሞ ለመምህሩ ነው፣ ምክንያቱም ቡድኑ ሲሄድ እዚያው ከልጆቹ ጋር የሚቀረው እሱ ነው።

በኋላ ቡድኖቹ በዙ። በየመንደሩ በነዋሪው ጉልበት ጣሪያ የሌለው የቲያትር መድረክ ይሠራ ጀመር፤ ስለ መጠጥ ጉዳት፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ መሬት የሚያወሩ አጫጭር ድራማዎች ይታዩበታል። አሠልጣኞቹ የየአካባቢውን ጭፈራ ከሽማግሌዎች እየተማሩ ለትምህርት ቤት ያበቁት ነበር። እዚህ ላይ ግን ቅር የሚለኝ ነገር አለ፦ የሃሊስኮ ግዛቱ ሃራቤ ታፓቲዮ የአገሪቱ ጭፈራ ተብሎ በየትምህርት ቤቱ ሲዛመት፣ የራሱ ጭፈራ ያለው የሌላ ክልል ልጅም ያንኑ አጥና ተባለ።

ሌላው ችግር ጊዜ ነው። በሦስት ሳምንት መዝሙር መያዝ ይቻላል፣ መዝሙር ማስተማርን ግን በዚያ ፍጥነት መልመድ ይከብዳል። ሚሲዮኖቹ በ1938 ተዘጉ። በ1942 ሲመለሱ አሠራራቸው ተለወጠ፤ የሙዚቃ መምህሩ፣ አናጺው፣ አንጥረኛውና ነርሷ አንድ አካባቢ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቀመጡ ተደረገ። ፕሮግራሙ ዛሬም በአንዳንድ ግዛቶች አለ። አዋቂዎች ጭምር ሙዚቃና የእጅ ሙያ ይማሩበታል።