ምጣድ የቻለ መስመር ሁሉ መኪና አይችልም፦ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና አመራረጥ የሚነገሩ ስሕተቶች

ሥራዬ የቤት ኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋትና መጠገን ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ካሉት ከቱሉ ዲምቱ፣ ከገላንና ከኮዬ ፈጬ የሚጠሩኝ ብዙዎቹ ደንበኞች የኤሌክትሪክ መኪና ገዝተው ግቢያቸው ካቆሙ በኋላ የሚደውሉ ናቸው። ከመግዛታቸው በፊት ቢጠሩኝ ኖሮ ብዙ ወጪና አንዳንዴም አደጋ ይቀር ነበር፤ ስለዚህ በየግቢው የምሰማቸውን ስሕተቶች እዚህ ላይ ላርም።

«በአንድ ቻርጅ 600 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን ነው የምገዛው» የሚለው በጣም የተለመደ ነው። ከቻይና በሚገቡ መኪኖች ላይ የሚነገረው ርቀት በአብዛኛው ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ የተገኘ ነው፤ መለኪያው ዝግ ያለ አነዳድን መሠረት ስለሚያደርግ፣ እኔ ለደንበኞቼ ከ25 እስከ 30 በመቶ ቀንሰው እንዲያስቡ እነግራለሁ። ከዚህም በላይ ከዚህ አካባቢ መሀል ከተማ ደርሶ የሚመለስ ሰው በቀን 50 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ መካከለኛ መኪና የሚፈጅበት 8 ወይም 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በ10 አምፔር የሚሞላ ተራ ቻርጀር በ220 ቮልት 2.2 ኪሎ ዋት ስለሚሰጥ፣ ይህን ለመተካት አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል። በየሳምንቱ ረጅም መንገድ ለማይወጣ ሰው ትልቅ ባትሪ ተጨማሪ ዋጋና ተጨማሪ ክብደት ብቻ ነው።

«ዳገት አይወጣም» የሚሉም አሉ። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ጉልበቱን የሚያጣው የቤንዚን ሞተር ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያስፈልገውም። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 100 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ከወትሮው በላይ የሚጠይቀው ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፣ ቁልቁል ሲወርድም ከዚያ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል።

በክረምት ዝናብ ይነዝራል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ባትሪው የታሸገ ነው፣ መኪናውም ከመስመሩ የሾለከ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲያገኝ ከፍተኛውን ቮልቴጅ ራሱ ይቆርጣል። በጎርፍ ውስጥ መንዳት ግን ለየትኛውም መኪና አይበጅም። «ኤሌክትሪኩም ቢሆን ከነዳጅ ነው የሚመጣው» የሚለውም ለእኛ አገር አይሠራም፤ አብዛኛው ኃይላችን ከግድብ የሚመነጭ ነው።

አሁን እጅግ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። «ቤታችን ምጣድ ይችላል፤ መኪናም ይችላል» ሲሉኝ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልቆጥረውም። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ እንደሚወስድ እውነት ነው፤ ነገር ግን እንጀራው ሲያልቅ ይጠፋል። መኪና ግን ሌሊቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት ይስባል፤ በላላ ማያያዣና በቀጭን ሽቦ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የሚጠራቀመውም በዚያ ሁሉ ሰዓት ነው። ኮዬ ፈጬ አንድ ቤት ተጠርቼ ስሄድ ከሳሎን በመስኮት የወጣ ኤክስቴንሽን አገኘሁ፤ ሶኬቱ ቡናማ ሆኖ፣ አንደኛው ቀዳዳ ቀልጦ ከቻርጀሩ እግር ጋር ተጣብቆ ነበር። ስነቅለው ፕላስቲኩ አብሮ ተነቀለ።

ሁለተኛው ልዩነት የመሬት ሽቦ፣ ማለትም የሾለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ ነው። ምጣድ ያለ መሬት ሽቦም ይጋግራል፤ የመኪና ቻርጀር ግን መሬት መኖሩን ይፈትሽና ከሌለ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል። በዚህ ጊዜ ቻርጀሩ ተበላሽቷል ብለው የሚያስቡ ሰዎች ባለሙያ ነኝ ባይ ይጠራሉ፣ እርሱም በሶኬቱ ውስጥ ኑትራሉን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ሽቦ) ከመሬት እግሩ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኘዋል። ቻርጀሩ ይታለልና መሙላት ይጀምራል። ኑትራሉ በአንድ ቦታ የተበጠሰ ዕለት ግን የመኪናው አካል በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ገላን ውስጥ አንድ አባወራ የጠሩኝ ልጃቸውን የመኪናው በር ነዝሮት ነው፤ ሶኬቱን ስፈታው ያቺ ጣት የማታህል ሽቦ እዚያው ነበረች። ልጁ በመትረፉ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የሚሠራ ሰው ሞያዬን ያዋርዳል፤ ከእንግዲህ በምንም ምክንያት ማንም ሰው ቤቱ እንዲህ እንዲሠራለት አይፍቀድ።

ስለዚህ መኪናውን ከመምረጣችሁ በፊት መስመሩን አስፈትሹ። ከቆጣሪው ለብቻው የሚወጣ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ መከላከያ፣ እንዲሁም የመሬት ሽቦው የሚታሰርበት፣ መሬት ውስጥ የተቀበረና በመሣሪያ የተለካ የመዳብ ዘንግ ያስፈልጋል። ዘንጉ በበጋ ይለካ፤ አፈሩ ሲደርቅ ውጤቱ ይለወጣል። 32 አምፔር የሚስብ ቻርጀር ለማስገባት የምታስቡ ደግሞ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነውን የተለመደ የሶኬት ሽቦ እርሱት፤ ቢያንስ 6 ይሁን። ቆጣሪያችሁን ከጎረቤት ጋር የምትጋሩ ከሆነ በቤት መሙላት እስኪስተካከል ይቆይ። ትራንስፎርመር ሩቅ በሆነበት ሰፈር ደግሞ ቮልቴጁ ምድጃው ሁሉ በሚበራበት ሰዓት ስለሚወርድ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መሙላት ይሻላል።

«ባትሪው በሦስት ዓመት ያልቃል» ለሚሉት፦ ብዙ አምራቾች ለባትሪ የ8 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ ያ ዋስትና በግለሰብ ለገባ መኪና እዚህ እንደሚሠራ ሻጩ በጽሑፍ ካልሰጣችሁ አትቁጠሩት። የባትሪውንም ዓይነት ጠይቁ፦ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ አልፎ አልፎ እስከ 100 በመቶ መሙላት ይመከራል፣ ኒኬል ያለበት ከሆነ ለዕለት ጉዞ 80 በመቶ ላይ ማቆም ዕድሜውን ያረዝመዋል። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ደግሞ የባትሪው ጤንነት በመመርመሪያ መሣሪያ ፊታችሁ ይነበብ፤ ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።