የሐረማያ ጥቁር አፈር፦ ጠባዩ፣ አየሩና መልክዓ ምድሩ

የሐረማያ ጥቁር አፈር የሚባለው ከሐረር ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሐረማያ ተፋሰስ ዝቅተኛ ሜዳ ላይ የተኛው ከባድ ሸክላማ አፈር ነው። የአፈር ሳይንስ ቬርቲሶል ከሚለው ምድብ ይገባል። መሃል አገር ዋልካ ወይም መረሬ የሚሉት መሆኑ ነው። የአካባቢው ገበሬ ኮቲቻ ይለዋል።

ስለ ሐረር ግንብ፣ ስለ ጅቡና ስለ ቡናው የተጻፈ ሞልቷል። ስለ መሬቱ ግን አንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚገኝ ጽሑፍ ማግኘት ይቸግራል። ያለውም በአብዛኛው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው፤ እሱም ከግቢው አጥር ብዙ አይርቅም። ይህ ጽሑፍም ወደዚያው ቢያዘነብል አይፈረድበትም።

መልክዓ ምድሩ

ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ግድም ላይ ነው። ዙሪያውን ኮረብታ ከቦታል። ዝናቡ ወደ ውጭ ወንዝ ሳይሆን ወደ መሃል ወደ ሐረማያ ሐይቅ ይወርዳል። ከሥር ያለው መሠረት ግራናይትና መሰል ጥንታዊ አለት ነው። በላዩ የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ተነባብሯል።

ከአንዱ ኮረብታ አናት እስከ ሜዳው በእግር የሚወርድ ሰው የአፈሩን ለውጥ በዓይኑ ያያል። አናቱ ላይ ጭንጫ ነው፤ አፈር ከማለት ድንጋይ ማለት ይቀላል። ጎኑ ላይ ቀይና ቡናማ አፈር አለ፤ ውሃ የማይዝ፣ ጫት የሚወደው። ግርጌው ጋ ሲደረስ መሬቱ ይጠቁራል፣ ይከብዳል፣ ጫማ ይይዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከላይ ታጥቦ የሚወርደው ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ሲሊካ ታች ሜዳው ላይ ይጠራቀማል። ውሃው መውጫ ስለሌለው ይተኛል። በዚህ ሁኔታ ስሜክታይት የሚባለው የሸክላ ማዕድን ይፈጠራል። ጥቁሩን አፈር ጥቁር አፈር ያደረገው ከምንም በላይ እሱ ነው።

ከተፋሰሱ ሲወጡ ጠባዩ ወዲያው ይለወጣል። በምሥራቅ በኩል ባቢሌ አካባቢ ግራናይቱ ፈርሶ አሸዋማ አፈር ሆኗል፤ የባቢሌ ለውዝ የሚወጣው ከሱ ነው። በሰሜን በኩል የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬ ዳዋ ሲደረስ፣ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ያለው ጎርፍ ያመጣው አሸዋና ደለል ነው። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. በደቻቱ ወንዝ የወረደው የሌሊት ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የገደለው በዚሁ በኩል ካሉት የተራቆቱ ተዳፋቶች ተነሥቶ ነው።

ስለ ቀዩ አፈር አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። በሐረር ጀጎል የአደሬ ቤት ውስጥ ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ይለቀለቃል። ቀለሙ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። ልማዱ ከጦርነቱ በፊትም ሊኖር ይችላል፤ ሆኖም ሐረሮች የሚሉት ይህንን ነው። ጥቁሩ አፈር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና።

አየሩ

ሐረማያ በዓመት ወደ 800 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል። በልጉ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ሰኔ ላይ ይቋረጣል። ከዚያ ክረምቱ ከሐምሌ እስከ መስከረም ይቀጥላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ አንዳንዴ ውርጭ ይመታል።

ለዚህ አፈር የዝናቡ ብዛት ብቻ አይደለም ወሳኙ፤ መቋረጡም ነው። ረጥቦ መድረቅ፣ ደርቆ መርጠብ አለበት። ዓመቱን ሙሉ ቢዘንብበት ወይም ዓመቱን ሙሉ ቢደርቅ ይህን ጠባይ አይዝም ነበር።

ጠባዩ

አንድ ጭብጥ አፈር አንሡ። ውሃ ጠብ አድርጋችሁ እንደ ሊጥ እሹት። በመዳፋችሁ አድቦልቡላችሁ አሹሉትና ጫፍና ጫፉን አገናኙት። አሸዋማ አፈር ገና ሲሾል ይበጣጠሳል። ሐረማያ ሜዳ ላይ የተነሣው ግን ቀለበት ይሆናል፤ አይሰነጠቅም። ከዚያ እጃችሁን ለመታጠብ ተዘጋጁ፤ በቀላሉ አይለቅም።

ቬርቲሶል ለመባል አፈሩ ቢያንስ 30 በመቶ ሸክላ ሊኖረው ይገባል። ጥሩ ጥቁር አፈር ከዚህ እጅግ ያልፋል። ስሜክታይቱ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ ሜዳው ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ጣት ያስገባል፣ ባስ ሲልም እጅ። ጥልቀቱ ከግማሽ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ከላይ የፈረከሰው አፈር ወደ ስንጥቁ ይገባል። በልጉ ሲመጣ አፈሩ ያብጣል፣ የገባው ቦታ ስለያዘበት ግን ወደ ጎንና ወደ ላይ ይገፋል። በዚህ ዓይነት በዓመታት ብዛት የላዩ ወደ ታች፣ የታቹ ወደ ላይ ይዞራል። ራሱን የሚያርስ አፈር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለማየት የሚፈልግ ጉድጓድ ማስቆፈር አለበት። ሜትር ተኩል ያህል ወርዶ ግድግዳውን በቢላ ጫፍ ሲፈነቅሉት አፈሩ በሽብልቅ ቅርጽ ይነሣል። የሽብልቁ ፊት ያንጸባርቃል፣ ጭረትም አለበት። አንዱ ጓል በሌላው ላይ ተንሸራቶ ያለፈበት ነው። ዝቅ ሲሉ ነጫጭ የኖራ ቁርጥራጮች ይታያሉ። ቀጭን የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ሲደረግባቸው አረፋ ያወጣሉ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በሙሉ ይህን ሲያይ ፈገግ ይላል።

ኖራው የሚነግረን ነገር አለ። አፈሩ አሲዳማ አይደለም፤ የአሲድነት መለኪያው፣ ፒኤቹ፣ ብዙ ጊዜ ከ7 በላይ ነው። ወለጋና ጎጃም ላይ መሬት በኖራ ይታከማል። እዚህ ግን ኖራ መበተን ገንዘብ መበተን ነው። የዚህኛው ችግር ሌላ ነው። ካልሲየሙ ፎስፈረሱን ይይዘዋል፤ ዚንክና ብረትም ለተክሉ በቀላሉ አይገኙም። ናይትሮጅን ያንሳል። ጥቁረቱም ያታልላል። ብዙ ሰው ጥቁር ስለሆነ ብስባሽ የሞላበት ይመስለዋል፤ የብስባሹ መጠን ግን ብዙ ጊዜ አነስተኛ ነው። ያለችው ትንሿ ብስባሽ ከሸክላው ጋር ጥብቅ ብላ ተጣብቃ ነው የምታጠቁረው። የያዘውን ንጥረ ነገር አለመልቀቅ ላይ ግን የሚወዳደረው ጥቂት ነው።

ውሃን በተመለከተ ሁለት ፊት አለው። የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ በኩል ዘው ብሎ ይገባል። ስንጥቁ ሲዘጋ ግን በቃ፤ ውሃው ላዩ ላይ ይተኛል። የገባውን ግን አጥብቆ ይይዛል። ሰኔ ላይ ዝናብ ሲጠፋ ተዳፋቱ ላይ ያለው ማሽላ ቅጠሉን ሲጠቀልል፣ ሜዳው ላይ ያለው አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ይህን አፈር አስቸጋሪ ነው ብለው የሚያማርሩ ሰዎች ይህችን ወር ይረሱዋታል።

አስቸጋሪነቱ ግን የታወቀ ነው። ሲረጥብ ያሰምጣል፣ ሲደርቅ መሣሪያ ይሰብራል። ለሥራ የሚመቸው በመሃል ያሉት ጥቂት ቀናት ናቸው። ሐረርጌ ላይ በበሬ የማያርስ ገበሬ ብዙ ነው። ዶንጎራ የሚባለውን ጫፉ ብረት የሆነ ረጅም እንጨት ይዘው፣ ወንዶች ተደርድረው ባንዴ መሬት ውስጥ ይሰኩና ጓሉን ይፈነቅሉታል። ጉዛ የሚሉት ደቦ ነው፤ ጫት ይቀርባል፣ ዘፈን አለ። ብቻውን ይህን መሬት የሚገለብጥ የለም።

የተጠናበት ታሪክ

የጥንቱን በተመለከተ፣ በ1847 ዓ.ም. ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በከተማዋ ዙሪያ ቡናና ጫት እንዳየ ጽፏል፤ ስለ አፈሩ ግን ብዙም አላለም።

ዋናው ታሪክ የሚጀምረው ከኮሌጁ ጋር ነው። በአሜሪካ የፖይንት ፎር ዕርዳታ፣ ከኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው የእርሻና መካኒካል ጥበባት ኮሌጅ በሐይቁ አጠገብ ተሠራ። ጥር 1950 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በይፋ መረቁት። ቦታው በጥሩ ዓይን የተመረጠ ነው። ግቢው በአንድ አጥር ውስጥ ከጥቁሩ ሜዳ እስከ ቀዩ ተዳፋት ድረስ ይዟል። ለአፈር ተማሪ ከዚህ የተሻለ ቤተ ሙከራ ኢትዮጵያ ውስጥ አልተሰጠም ቢባል የሚከራከር ይኖራል፤ እኔ ግን አልከራከርም።

ኦክላሆማዎቹ እስከ 1960 ዓ.ም. ቆዩ። ከዚያ በኋላ ሥራውን ኢትዮጵያውያን ያዙት። ፕሮፌሰር ታምሬ ሐዋንዶ የዓለማያን (ሐረማያ ያኔ የምትጠራበት ስም ነው) አፈሮች ባሕርይ በዝርዝር መርምረው አስመዘገቡ፤ ከሱ ወዲህ የመጣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ እሳቸውን ሳይጠቅስ አያልፍም። ፕሮፌሰር ብርሃነ ገብረኪዳን የማሽላ ማሻሻያ ፕሮግራሙን እዚሁ ግቢ መሩ። ፈንዲሻና ሙይራ የሚባሉት ረጃጅም የሐረርጌ ማሽላዎች በዚህ አፈር ላይ በልግ ተዘርተው ኅዳር የሚደርሱ ናቸው፤ ይህን ያህል ወር የሚያቆያቸው ጥቁሩ አፈር የሚቆጥበው ውሃ ነው። ከዚሁ ግቢ በ1973 እ.ኤ.አ. የተመረቁት ገቢሳ ኤጀታ የማሽላን ሥር የሚጠባውን አረም፣ አቀንጭራን፣ በሚቋቋም ማሽላ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸለሙ። አቀንጭራ በይበልጥ የሚበረታው በተራቆተ ተዳፋትና አሸዋማ መሬት ላይ ስለሆነ፣ ነገሩ ከአፈሩ ጋር የተያያዘ ነው።

ኮሌጁ በ1977 ዓ.ም. የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ሐረማያ የሚለውን ስም ያዘ። ለጥቁር አፈር የተጠቆመው ዘዴ ከመሃል አገሩ ይለያል። እዚያ ዋናው ጣጣ ውሃ መተኛቱ ስለሆነ ሰፋፊ መደብ እየሠሩ ትርፉን ያፋስሳሉ። እዚህ ዝናቡ ስለሚያንስ በመስመሮቹ መሃል ያለው ቦይ በየተወሰነ ርቀት ይዘጋና ውሃው እዚያው እንዲሰርግ ይደረጋል።

በ1976 ዓ.ም. ተሠርቶ የወጣው የአገሪቱ የአፈር ካርታ መጠኑ አንድ ለአንድ ሚሊዮን ነበር። አንዱ ሴንቲ ሜትር 10 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሐረማያ ሜዳ በዚያ ላይ ነጥብ ነው። ስለዚህ ካርታ አይቶ «እዚያ ጥቁር አፈር የለም» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትፍረዱበት።

ሐይቁና አፈሩ

የሐረማያ ሐይቅ በ1997 ዓ.ም. ግድም ደረቀ። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ የሚሄደው ከሱ ነበር። ሐረር ኋላ ላይ ከድሬ ዳዋ አቅራቢያ ካሉ ጉድጓዶች ሽቅብ በሚገፋ ውሃ መኖር ጀመረች።

ምን አደረቀው በሚለው ብዙ ተብሏል። ከተራቆተው ኮረብታ የወረደው ደለል ጥልቀቱን እንደሞላው አያጠያይቅም። በሞተር እየተሳበ ለጫትና ለአትክልት የዋለው ውሃም አስተዋጽኦ አድርጓል የሚሉ አሉ። የከተማው ፍጆታም ይነሣል፤ ሙቀቱና ድርቁም እንዲሁ። ጫት ተካዩ ብቻውን ተከሳሽ ሲሆን ግን ነገሩ ሚዛን የሳተ ይመስላል። ድንች፣ ካሮትና ቀይ ሥር እስከ ጅቡቲ የሚጫነው ከዚሁ ሜዳ ነው፤ ሁሉም ጠጥቷል።

የደረቀው የሐይቅ አልጋ ሸክላ ስለሆነ በሰፊው ተሰነጣጠቀ። ከብት ገባበት፣ ታረሰ፣ ጉድጓድም ተቆፈረበት። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ውሃው ተመልሷል። ተዳፋቱ ላይ የተሠራው እርከንና ክትር ረድቷል፤ ደህና ደህና ክረምቶችም መጥተዋል።

በሐረርጌ የኮረብታ አፈር መታጠብ በቁጥር ከተለካባቸው ቦታዎች አንዱ በምዕራብ ሐረርጌ፣ ጨርጨር ደጋ ላይ ያለው ሁንዴ ላፍቶ የሚባለው ጣቢያ ነው። ጣቢያው ከ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተሠራው የአፈር ጥበቃ ምርምር ውስጥ ነበር።

ግንባታ

ከሐረር እስከ ሐረማያ ያለው መንገድ ዳር ቤት እየሞላ ነው። ጥቁሩ አፈር ላይ ያረፈው ቤት ማንነቱ በግድግዳው ይታወቃል። ከመስኮቱ ማዕዘን በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ በበጋ ይሰፋል፣ በክረምት ይጠባል። በስሚንቶ የደፈነው ሰው በዓመቱ እንደገና ይደፍናል። አጥር ይዘማል፣ የመብራት ምሰሶ ይንጋደዳል።

ዋነኛው ዘዴ ጥቁሩን ቆፍሮ ማውጣትና በሰለክት፣ ማለትም በማያብጥ የተመረጠ የሙሌት አፈር፣ መተካት ነው። አፈሩ ጥልቅ ከሆነ ግን የሚወጣው ወጪ ከቤቱ ይበልጣል። ያኔ መሠረቱ ወቅቱ ከሚያንቀሳቅሰው ንብርብር በታች እንዲወርድ ይደረጋል፤ የጣሪያ ውሃም ከግድግዳው ራቅ ብሎ እንዲፈስ ቦይ ይበጅለታል። የድሮዎቹ የአካባቢው ሰዎች ቤታቸውን ተዳፋቱ ላይ ሠርተው ሜዳውን ለእርሻ ይተዉት ነበር።