የበረራ ርቀት ምንድን ነው? ከጅማ እስከ ዋሽንግተን

ልጁ ወይም ወንድሙ አሜሪካ የሚኖር የጅማ ሰው ከጅማ ዋሽንግተን ያለውን ርቀት ኮምፒውተር ላይ ቢጠይቅ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የበረራውን ጊዜ ደግሞ ከ13 እስከ 14 ሰዓት ብሎ ይመልስለታል። በርቀቱ መከራከር አይቻልም። ሰዓቱ ግን ርቀቱን ለአውሮፕላን አማካይ ፍጥነት በማካፈል ብቻ የተገኘ ነው፤ በዚያ መስመር በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን የለም።

የበረራ ርቀት ማለት በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል በምድር ገጽ ላይ የሚገኘው አጭሩ መንገድ ነው። ምድር ክብ ስለሆነች ይህ መንገድ በግድግዳ ካርታ ላይ ጎብጦ ይታያል። ከጅማ ተነስተን በማስመሪያ ብናሰምር ኒጀርንና ማሊን አቋርጠን አትላንቲክ እንገባለን። አጭሩ መንገድ ግን በሱዳንና በሊቢያ ሰማይ አልፎ እስከ ስፔን ደቡባዊ ጫፍ ይዘልቃል። ያላመነ ሰው በሉል ላይ ክር ወጥሮ ይመልከት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ለዓመታት ነዳጅ ይሞላባት የነበረችው ደብሊን በካርታ ላይ ከመንገድ የወጣች ትመስላለች፤ በእሷ በኩል መዞር ግን ርቀቱን የሚጨምረው ከ300 ኪሎ ሜትር ባነሰ ነው።

ጅማ ለዋሽንግተን ከአዲስ አበባ ይልቅ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ትቀርባለች። ይህ ቅርበት ለመንገደኛው ምንም አይፈይድለትም፤ መጀመሪያ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ በርሮ ቦሌ መድረስ አለበት። ለዚህች አጭር ጉዞ ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 በሙሉ ፍጥነቱ ግማሽ ሰዓት እንኳ አያስፈልገውም። ትኬቱ ላይ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይጻፋል፤ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ጊዜ አንስቶ ደርሶ እስኪቆም ስለሆነ፣ መሬት ላይ መንዳቱም፣ ወደ ላይ መውጣቱም፣ ለማረፍ ተራ መጠበቁም ይገባበታል። ያም ሆኖ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚሆነው የአውቶቡስ መንገድ ጋር አይወዳደርም።

ከቦሌ በኋላ ያለው ጊዜ የሚወሰነው በከፍታና በነፋስ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፍም ሞተርም ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ መንገደኛና ጭነት የሞላው አውሮፕላን እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ሲሄድ መንገድ ላይ ያርፋል፤ ሲመለስ ከዝቅተኛ ቦታ ስለሚነሳ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስም ከኋላ ስለሚገፋው፣ በ13 ሰዓት ገደማ በቀጥታ ቦሌ ይደርሳል። ርቀቱ ያው፣ ሰዓቱ ግን ሌላ።

ትኬቱ ላይ የሚጻፈው የመነሻና የመድረሻ ሰዓት የየከተማው ሰዓት ነው። ዋሽንግተን በክረምታቸው በ8፣ በበጋቸው በ7 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ልዩነቱን ሳያስቡ አንዱን ከሌላው መቀነስ የተሳሳተ የጉዞ ጊዜ ይሰጣል። ከጅማ የሚነሳው ትኬት 07:00 የሚል ከሆነ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ነው።