«እርቅ ደም ያደርቅ» የሚባለው መቼ ነው?

ሰሞኑን በሬዲዮ አንድ ተንታኝ ስለተፈረመ የሰላም ስምምነት ሲያወራ «እንግዲህ እርቅ ደም ያደርቅ ነውና ነገሩ እዚህ ላይ አብቅቷል» አለ። በገጠር የደም እርቅ ያየ ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ማለት ይቸግረዋል።

ባደግሁበት የጎጃም መንደር ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ በሟች ዘመዶች ፊት ሲንበረከክ፣ ሽማግሌዎቹና ካህኑ «ስለ እግዚአብሔር» እያሉ ሲለምኑ አይቻለሁ። የሟች ወንድም በመጨረሻ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ዋናው ሥራ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ካሳው እህል በተሰበሰበ ቁጥር እየተቆነጠረ ተከፈለ። ዋሶቹ ቂም ያነሳሳ ዘመድ ካለ እየሄዱ ገሠጹ። በማኅበርና በሠርግ ሁለቱን ቤተሰቦች አንድ መደብ ላይ ያስቀምጧቸው ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የነበሩት አያቴ ከገበያ ለሚመለስ ሰው ሁሉ ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ «ወንፈል ተጠራርተዋል?»

ምሳሌውን የተናገሩት ካሳ ለማስከፈል በየበጋው ደጅ ለደጅ የተመላለሱ ሽማግሌዎች እንደሆኑ አምናለሁ። ደም በአንድ ፀሐይ እንደማይደርቅ ከእነርሱ በላይ ማን ያውቃል?

የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊም እ.ኤ.አ. በ1992 «የሰላም አጀንዳ» በተባለው ሪፖርታቸው ተፋላሚዎችን አደራድሮ ማስማማትን ጦርነቱ እንዳያገረሽ ከሚሠራው ሰላም ግንባታ ለይተው አስቀምጠዋል። ልዩነቱን እዚሁ አዲስ አበባ የተፈረመው ውል ያሳያል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1972 የሱዳን መንግሥትና የደቡብ አማፂያን ተስማሙ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አሸምግለዋል። የ17 ዓመት ጦርነት ቆመ፣ ደቡቡ ራስ ገዝ ሆነ፣ አንያንያ የሚባሉት የአማፂያኑ ተዋጊዎች ወደ ሠራዊቱ መግባት ጀመሩ። ደቡቡ የጠበቀው ልማት ግን አልመጣም፤ ነዳጅ ሲገኝ ደግሞ ካርቱም ዓይኗን ጣለችበት። ያሸማገሉት ንጉሠ ነገሥት እ.ኤ.አ. በ1974 ከዙፋን ወርደዋልና የሱዳኑን ፕሬዚዳንት ኒሜሪን ቃልዎን ይጠብቁ የሚል ዋስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1983 ኒሜሪ ደቡቡን ለሦስት ከፈሉት፣ ሸሪዓንም አወጁ። ጦርነቱ ተመልሶ እስከ እ.ኤ.አ. 2005 ዘለቀ።

ተንታኞች ሆይ፣ ይህን ምሳሌ ለፊርማ ቀን ጭብጨባ ማድመቂያ አታድርጉት። ተፈናቃዩ ተመልሶ ማሳውን ሲያርስ፣ ታጣቂው እንጀራ ሲያገኝ፣ የትናንት ባላንጣዎች በአንድ ገበያ ሲገበያዩ ያን ጊዜ ብትሉት ያምርባችኋል። በፊርማው ዕለት ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁትን ጠይቁ፦ ካሳውን ማን ይከፍላል? ዋሱስ ማን ነው?