ጉማሬን ለማጥናት ደሙን መቅዳት አያስፈልግም

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ጥላ ሥር ቡና ስንጠጣ የሚነሣብኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጉማሬውን እንዴት ይዛችሁ ነው ደም የምትቀዱት?» አንቀዳም፤ የአዋሽን ጉማሬ ዘረመል የምናጠናው ከእበቱ ነው። ስንት ጊዜ ልናገር?

ትንንሾቹን ስህተቶች ላስቀድም። ጉማሬ ከአሳማ ይልቅ ለዓሣ ነባሪ ይቀርባል፤ ይህንም ያረጋገጠው ዘረመል ነው። ደም አያልበውም፤ ቀዩ ፈሳሽ ከቆዳው የሚመነጭ የፀሐይ መከላከያ ነው። ምግቡ ዓሣ ሳይሆን ሣር ነው፤ ማታ ወጥቶ እስከ 40 ኪሎ ይግጣል።

ወደ ደሙ ልመለስ። ዲኤንኤ፣ ማለትም የዘር መረጃ የሚይዘው ነገር፣ ደም ውስጥ ብቻ ያለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንዲያውም የአጥቢ እንስሳት ቀይ የደም ሕዋስ ዲኤንኤ የሚቀመጥበት አስኳል (ኒውክሊየስ) የለውም፤ ከደም የምናወጣው ዲኤንኤ የነጩ ሕዋስ ነው። ጉማሬ እበቱን ሲጥል ከአንጀቱ ግድግዳ የተፋቁ ሕዋሳት አብረው ይወጣሉ። ጅራቱን እያወናጨፈ ቁጥቋጦ ላይ ይረጨዋል፤ እኛ ጠዋት ከላዩ ጥቂት ፍቀን አልኮል ውስጥ እንከታለን። ከዚያ ወንድ ይሁን ሴት፣ ሁለቱ ናሙና የአንድ እንስሳ ይሁን የሁለት፣ የእናቱም የዘር ሐረግ ይነበባል። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝነውን አውሬ በማደንዘዣ ብንወጋውና ውሃ ውስጥ ቢገባ ግን ሰምጦ ሊሞት ይችላል።

ለጀማሪዎች፦ በጉማሬውና በውሃው መካከል በፍጹም አትቁሙ። አልኮልም አትርፋችሁ ያዙ። አንዴ ከአዋሽ ስንመለስ አልኮል አልቆብን እርጥቡን እበት በላስቲክ ቋጠርነው፤ ሚኤሶ ምሳ በልተን እስክንነሣ መኪናው እንደ ምድጃ ግሎ ጠበቀን። ከዚያ ቋጠሮ አንድም የተነበበ የለም። የሁለት ሳምንት ልፋት ነበር።

«የአዋሽ ጉማሬ ካለቀ ከጫሞ ሐይቅ ይመጣል» ሲሉኝ ደግሞ አንጀቴ ያርራል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ጉማሬው ወደ ዓባይም ሆነ ወደ ጫሞ የሚሻገርበት ውሃ የለውም። ምን ያህል እርስ በርሱ እንደተዋለደ፣ በምን እንደተለየ ሳይጠና ሌላ አምጥቶ መቀላቀል የጠፋውን አይመልስም።

የጠፋውን ለማወቅ የድሮ ናሙና ያስፈልጋል፤ እሱም በየቤታችን ሊኖር ይችላል። አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ አለንጋ ተሰቅሎ ነበር፤ ስሙም ራሱ «ጉማሬ» ነው። ከደረቀ አሮጌ ቆዳም ዲኤንኤ ሊወጣ ይችላል። ቤታችሁ ካለ አትጣሉት፤ ከየትኛው ወንዝ እንደመጣ ሽማግሌዎቹን አሁኑኑ ጠይቁና ጽፋችሁ እሰሩበት።