ቆሮሶ ምንድን ነው? በመንጠቆስ እንዴት ይያዛል?

አዲስ አበባ ውስጥ ዓሣ ቤት ገብቶ «ሙሉ ጥብስ» ያዘዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብለት ቆሮሶ ነው። ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ደርቆ እስኪንኮሻኮሽ ተጠብሶ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር የሚመጣው ማለት ነው። (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ትቻለሁ።)

ፈረንጆቹ የናይል ቲላፒያ ይሉታል። ጣናም፣ ዝዋይም፣ ሐዋሳም፣ ጫሞም አለ። ጀርባው ከፍ ያለ፣ ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ ዓሣ ነው። ከአምባዛ ጋር አይምታታም፤ አምባዛ ቅርፊት የለውም። ሳህኑ ላይ ጭራው ካልተቆረጠ ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጠቆር ያሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉበት።

ይህን ዓሣ በመንጠቆ ለመያዝ መጀመሪያ አመጋገቡን ማወቅ ነው። ቆሮሶ ሌላ ዓሣ አሳዶ የሚውጥ አዳኝ አይደለም። ዋና ምግቡ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት ደቃቅ አልጌዎች ናቸው፤ ይህን ለመፍጨትም አንጀቱ ከራሱ ቁመት ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ለገበያ የሚያስግሩት ሰዎች መረብ የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ያም ሆኖ ትልና ሊጥ ካገኘ አይተውም።

ቅዳሜ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ዝዋይ የሚወርድ የአዲስ አበባ ሰው ግን ለአምባዛ የሚሆን ትልቅ መንጠቆ ላይ የሥጋ ቁራጭ ሰክቶ ይጥልና «ዓሣ የለም» ብሎ ይመለሳል። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነው። ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን ናይሎን፣ መንጠቆውን የሚያሰምጥ ቀለል ያለ የእርሳስ ብረትና ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቡሽ ይበቃል፤ መንጠቆው ላይ ሽምብራ የምታክል ሊጥ ወይም የትል ቁራጭ። ሊጡ በውሃ ቶሎ እንዳይሟሟ ጠንከር ተደርጎ ይታሽ። አስቀድሞ ጥቂት የዳቦ ፍርፋሪ መበተንም መንጋውን ይስባል። ሙቀት ወዳድ ስለሆነ በብርዱ ማለዳ መሮጥ አያስፈልግም፤ ፀሐይ ሞቅ ስትል ፊላው ዳር ጥልቀት የሌለውን ውሃ ሞክሩ።

ዓይን ከቡሹ አይነሳ። ቆሮሶ ቀምሶ የሚተፋ ዓሣ ስለሆነ ቡሹ በአንዴ አይሰምጥም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይንቀጠቀጣል። በዚህ ጊዜ የሚስብ ሰው ባዶ መንጠቆ ነው የሚያወጣው። ቡሹ ወደ ጎን መንሸራተት ሲጀምር ቀስ ብሎ ማንሳት ነው። ስትይዙት መዳፋችሁን ከራሱ ወደ ጭራው አንሸራትታችሁ የጀርባውን ክንፍ አስተኙ፤ እሾሁ ይወጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። እናቲቱ እንቁላሎቿን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ መዋኘት ከጀመሩ በኋላም አደጋ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ጊዜ እምብዛም ስለማትበላ መንጠቆ የምትነክሰው አልፎ አልፎ ነው። ከያዛችኋትና አፏ ውስጥ እንቁላል ወይም ጫጩት ካያችሁ፣ ፎቶው ይቅርና ወዲያው ወደ ውሃው መልሷት።